የፀሐይ ደሴት ሮዶስና የመምህራኗ ታሪክ



«ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለው አባባል በሌላው ሰው ዘንድ እውነት ቢሆንም፥ በመምህር ዘንድ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የመምህር ሥራ ተማሪው ያላየውን አገር እንዲናፍቅ፥ ያልኖረበትንም ዘመን እንዲያውቅ ማድረግ ነውና። ስለዚህ መምህር ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ የሚያየው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ አርባና አምሳ ልጆች በዓይኑ አብረውት ያያሉ። ሮዶስ የተባለችው የግሪክ ደሴት ለእንዲህ ያለው ተጓዥ እጅግ የምትስማማ ናት። ደሴቲቱ በፀሐይዋና በባሕሯ ውበት በዓለም የታወቀች ስትሆን፥ ብዙ ጎብኚ ሳያስተውለው የሚያልፈው ሌላ ሀብት አላት፤ ይኸውም የትምህርት ቤቶቿ ታሪክ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮዶስ በኤጌያን ባሕር ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ትገኛለች። ዶዴካኒስ፥ ማለት ዐሥራ ሁለቱ ደሴቶች፥ ተብለው ከሚጠሩት መካከል ታላቋ እርስዋ ናት። ርዝመቷ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፥ የቆዳ ስፋቷም 1400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቱርክ ጠረፍ የሚለያት ባሕር ከ20 ኪሎ ሜትር ስለማይበልጥ፥ ሰማዩ በጠራ ቀን የእስያ ተራሮች ከወደቧ ሆነው ይታያሉ። በመካከሏ 1215 ሜትር ከፍታ ያለው የአታቪሮስ ተራራ ቆሟል። ተዳፋቱ የወይራና የወይን፥ ሸለቆው የጥድና የበለስ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወራት ዝናብ አይጥልባትም ማለት ይቻላል፤ በዚያ ጊዜ ባሕሩ ከዳር አረንጓዴ፥ ከመካከል ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ የቤቶቹም ነጭ ግድግዳ ከፀሐዩ ብርታት የተነሣ ዓይንን ያጭበረብራል።

የጥንት ግሪኮች ለዚህ ብርሃን ምክንያት ፈልገውለት ነበር። ባለቅኔው ፒንዳር በ464 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፥ ዲያጎራስ የተባለው የሮዶስ ቡጢኛ በኦሎምፒያ ባሸነፈ ጊዜ በደረሰው ቅኔ እንደ ተረከው፥ አማልክት ምድርን በዕጣ ሲከፋፈሉ ሄልዮስ የተባለው የፀሐይ አምላክ በቦታው አልነበረምና ድርሻ ሳይሰጠው ቀረ። ዕጣው እንደገና ይጣል ቢባልም አልፈለገም፤ ከባሕር በታች ወደ ላይ ልትወጣ የተዘጋጀች ለም ምድር አይቶ ነበርና እርስዋን ብቻ ለመነ። በኋላ ሮዶስ ከባሕር ብቅ አለች፤ የፀሐይም ርስት ሆነች። ተረት ነው፤ ነገር ግን የደሴቲቱ ሰዎች ከተማቸውን ሲሠሩ፥ ገንዘባቸውን ሲቀርጹ፥ ሐውልታቸውንም ሲያቆሙ ያሰቡት ይህንኑ ተረት ነበር።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ408 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ከዚያ በፊት ሊንዶስ፥ ያሊሶስና ካሚሮስ የተባሉ ሦስት ከተሞች በደሴቲቱ ላይ ለየብቻቸው ይኖሩ ነበር። ሦስቱ ተስማምተው በሰሜኑ ጫፍ አንዲት የጋራ ከተማ ሠሩ። መንገዶቿ ቀጥ ብለው የተዘረጉ፥ ወደቦቿም አያሌ ስለ ነበሩ ብዙ ሳይቆይ የሜዲትራንያን ንግድ መተላለፊያ ሆነች። በሮዶስ ስም የሚጠራው የባሕር ሕግ ወደ ሮማውያን የሕግ መጻሕፍት ገብቶ እስከ ዛሬ በመርከብ ንግድ ይሠራበታል። የሕጉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ በማዕበል ጊዜ መርከቡን ለማዳን የአንዱ ነጋዴ ዕቃ ወደ ባሕር ቢጣል፥ ዕቃቸው የዳነላቸው ሁሉ ኪሣራውን ይካፈላሉ። አንዱ ለሁሉ ሲል የከሰረውን ሁሉ ለአንዱ ይክፈለው ማለት ነው።

ተጓዡ ማንድራኪ ወደተባለው ወደብ ሲደርስ በመግቢያው ግራና ቀኝ በዓምድ ላይ የቆሙ ሁለት የአጋዘን ምስሎችን ያያል። ብዙ ሰው ከዓለም ሰባት ድንቅ ሥራዎች አንዱ የሆነው ታላቁ የፀሐይ ሐውልት እዚህ እግሩን አንፈራጦ መርከቦች በመካከሉ ያልፉ ነበር ብሎ ያምናል። ይህ ሐውልቱ ከወደቀ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተፈጠረ ሐሳብ ነው፤ ሐውልቱ የቆመበትን ስፍራ በእርግጥ የሚያሳይ ማስረጃ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እርግጡ ታሪክ የሚከተለው ነው። ድሜጥሮስ የተባለው የመቄዶንያ የጦር አለቃ በ305 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከተማዋን ከብቦ አንድ ዓመት ያህል ቢዋጋ ሊይዛት አልቻለም። ትቶት የሄደውን የጦር መሣሪያ የሮዶስ ሰዎች ሸጡና በዋጋው ለሄልዮስ የነሐስ ሐውልት አሠሩ። የሠራውም ካሬስ የተባለው የሊንዶስ ሰው ነው። ሥራው 12 ዓመት ፈጀ፤ ቁመቱም 70 ክንድ፥ ማለት ከ30 ሜትር በላይ ነበር። ይሁን እንጂ ስድሳ ዓመት እንኳ ሳይቆም በ226 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የመሬት መናወጥ ከጉልበቱ ሰብሮ ጣለው። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚለው፥ በወደቀበት ስፍራ አውራ ጣቱን በክንዳቸው ማቀፍ የሚችሉ ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ። ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ ወድቆ ከቆየ በኋላ ስብርባሪው በሰባተኛው መቶ ዓመት ለነጋዴ ተሸጠ ይባላል።

እንግዲህ ሮዶስ በዓለም ሁሉ የተጠራችበት ሐውልት የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል እንኳ አልቆመም። ከሐውልቱ በፊት የተጀመረና ከሐውልቱ በኋላ ለብዙ ዘመን የቆየ ሌላ ሥራ ግን ነበራት። ይህን ለማየት ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ወዳለው ኮረብታ መውጣት ያስፈልጋል። በዚያ የጥንት የሩጫ ሜዳ አለ፤ በአጠገቡም የእብነ በረድ መቀመጫ ያለው ትንሽ ቴአትር ይገኛል። ዛሬ የሚታየው አብዛኛው መቀመጫ ኢጣልያኖች ያደሱት ነው። አንዳንድ ሊቃውንት የንግግር ጥበብ ትምህርት የሚሰጠው በዚህ ስፍራ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ይህን ትምህርት በሮዶስ የጀመረው ኤስኪኔስ የተባለ የአቴና ሰው ነው። ኤስኪኔስ በ330 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በፍርድ ሸንጎ ቆሞ ከዴሞስቴንስ ጋር ተከራክሮ ተረታና አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በሮዶስም ንግግር ማስተማር ጀመረ። እንደሚተረከው አንድ ቀን ለተሰበሰበው ሰው በዚያ ሸንጎ የተናገረውን የራሱን ክርክር አነበበ፤ ሰዎቹም አደነቁ። በማግሥቱ ያሸነፈውን የዴሞስቴንስን መልስ በጥሩ ድምፅ አነበበላቸው። አድናቆታቸው በእጥፍ ሲጨምር ኤስኪኔስ፥ «ሰውየውን ራሱን ብትሰሙት ኖሮ ምን ልትሉ ነበር?» አላቸው። የጠላቱን ንግግር ከራሱ አስበልጦ ለተማሪዎች ያስተማረ መምህር እንዲህ ያለ ነው።

ከእርሱ በኋላ በሮዶስ የንግግር ትምህርት ጸንቶ ኖረ። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ አጶሎንዮስ ሞሎን የተባለው መምህር ሲያስተምር፥ ሲሴሮ በ78 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ከሮማ መጥቶ ተማሪው ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወጣቱ ዩልዮስ ቄሣር ወደዚሁ መምህር ሊሄድ ባሕር ሲሻገር በወንበዴዎች ተይዞ ቤዛ ከፍሎ እንደ ተለቀቀ ታሪክ ይናገራል። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፥ አጶሎንዮስ የላቲን ቋንቋ ስለማያውቅ ሲሴሮን በግሪክኛ እንዲናገር ጠየቀው። ሲሴሮ ተናግሮ ሲጨርስ ሌሎቹ ሁሉ ምስጋና ሲያዘንቡለት መምህሩ ብቻ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ተማሪው ቅር እንዳለው ባየ ጊዜ፥ እርሱን እንደሚያደንቅ፥ ለግሪክ ግን እንደሚያዝን ገለጠለት፤ ለግሪክ የቀሯት ሁለት ክብሮች፥ ትምህርትና አንደበተ ርቱዕነት፥ በእርሱ አማካይነት ወደ ሮማ ሊሄዱ ነውና። በዚያን ጊዜ ሮማ የግሪክን ምድር በጦር ይዛ ነበር። ይሁን እንጂ ያሸናፊው ሕዝብ ልጅ ከተሸናፊው ሕዝብ መምህር እግር ሥር ቁጭ ብሎ ለመማር ባሕር ተሻገረ።

በዚያው ዘመን ፖሲዶንዮስ የተባለ ሊቅ በሮዶስ ይኖር ነበር። እርሱም ካኖፑስ የተባለችውን ኮከብ በመመልከት የምድርን ዙሪያ ለመለካት ሞከረ። ይህች ኮከብ በሮዶስ በአድማስ ላይ ብቅ ብላ ወዲያው ትጠልቃለች፤ በእስክንድርያ ግን ከአድማስ ከፍ ብላ ትታያለች። የከፍታው ልዩነት የክብ አንድ አርባ ስምንተኛ እጅ ነው ብሎ ገመተ፤ ስለዚህ ከሮዶስ እስከ እስክንድርያ ያለው ርቀት በ48 ሲባዛ የምድርን ዙሪያ ይሰጣል። መለኪያዎቹ ጉድለት ቢኖራቸውም ዘዴው ትክክል ነው። መምህር በሮዶስ የባሕር ዳር በሌሊት ቆሞ ወደ ደቡብ ሲመለከት፥ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በክብና በሁለት መሥመር ሊያስረዳ እንደሚችል ይገባዋል።

ከከተማዋ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሊንዶስ ትገኛለች። ነጫጭ ቤቶቿ ከገደል ሥር ተሰብስበዋል፤ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ባለው ዐለት ራስ ላይ የአቴና ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ይታያል። እግር የከበደው ሰው በአህያ ይወጣል። በመውጫው ደረጃ አጠገብ በዐለቱ ላይ የተቀረጸ የመርከብ ጀርባ አለ፤ በሁለተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ ነው። ከላይ ሲታይ ከሥር ያለው ባሕር እንደ ብርጭቆ ጠርቶ የጀልባዎች ጥላ በአሸዋው ላይ ያርፋል።

በዚህ ስፍራ የዴንማርክ የጥንት ታሪክ መርማሪዎች በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ የተጻፈበት የእብነ በረድ ጽላት አገኙ። በ99 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የሊንዶስ ሰዎች ለቤተ መቅደሱ ከጥንት ጀምሮ የቀረቡት ስጦታዎች አብዛኞቹ በዘመን ብዛት መጥፋታቸውን አይተው፥ የስጦታዎቹ ታሪክ ከየመዝገቡና ከየደብዳቤው ተሰብስቦ በድንጋይ ላይ እንዲጻፍ ወሰኑ። ዕቃው ቢጠፋ ትዝታው እንዳይጠፋ ያደረጉት ነው። ጽላቱ ዛሬ በኮፐንሃገን ቤተ መዘክር ይገኛል።

በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል ደግሞ የቢራቢሮዎች ሸለቆ የሚባል ጥላማ ስፍራ አለ። ውኃ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይወርዳል፤ በዳርቻውም ቅርፊቱ መልካም ሽታ ያለው ዛፍ በብዛት በቅሏል። በበጋው ወራት በሺሕ የሚቆጠሩ ክንፋሞች መጥተው የዛፉን ግንድና ዐለቱን ይሸፍናሉ። ስማቸው ቢራቢሮ ይባል እንጂ ወገናቸው ከእሳት እራት ነው። ሲያርፉ ጥቁርና ነጭ መሥመር ያለው ክንፋቸው ብቻ ይታያል፤ ሲበሩ ግን ከሥር ያለው ቀይ ቀለም እንደ ፍም ብልጭ ይላል። ብዙ ጎብኚ ይህን ቀይ ለማየት ሲል ቀድሞ ያጨበጭብ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ፍጥረቶች በዚያ ሳሉ የሚኖሩት ባከማቹት ኃይል ስለ ሆነ፥ በተረበሹ ቁጥር እንቁላል ለመጣል የሚያስፈልጋቸው ኃይል ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ ድምፅ ማሰማት የተከለከለ ነው። በጸጥታ ለሚያልፍ ሰው ሸለቆው ውበቱን አይነፍገውም።

ተጓዡ ወደ ከተማዋ ተመልሶ በወፍራም ግንብ ወደ ተከበበው አሮጌው ሰፈር ሲገባ የኋለኛውን ዘመን ታሪክ ያገኛል። የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የተባሉት መነኮሳት ወታደሮች ከ1309 ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ደሴቲቱን ገዝተው ግንቡን፥ ሆስፒታሉንና የታላቁን አለቃ ቤተ መንግሥት ሠሩ። በ1522 የቱርኩ ሱልጣን ሱለይማን ስድስት ወር ያህል ከብቦ ከተማዋን ያዘ፤ መስጊዶችና የገበያ ቤቶችም ተጨመሩባት። አይሁድም በግንቡ ውስጥ የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው፤ በ1577 የተሠራው ምኵራባቸው በግሪክ አገር ካሉት ሁሉ የቆየ ነው። ይህ አሮጌ ከተማ በ1988 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

በ1912 ኢጣልያ ስለ ሊቢያ ከቱርክ ጋር ስትዋጋ ሮዶስን ያዘች። በመጀመሪያ ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር፤ በ1923 በሎዛን ውል ግን ግዛቷ ሆነ። ኢጣልያኖች መንገድ ሠሩ፤ ፍርስራሽ ቈፈሩ፤ የፈረሰውንም ቤተ መንግሥት እንደገና አቆሙ። ጎብኚው የሚያደንቀው ብዙ ነገር የእነርሱ ሥራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ በሚታደስበት ወቅት ትምህርት ቤቱ ይፈርስ ነበር። በ1936 መጨረሻ ቼሳሬ ዴ ቬኪ የዶዴካኒስ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ይህ ሰው ከ1923 እስከ 1928 የኢጣልያ ሶማሊያ ገዥ ሆኖ በሰሜን የነበሩትን ሱልጣኔቶች በጦር ያስገበረ ነው፤ ወደ ሮዶስ ከመምጣቱም በፊት በኢጣልያ የትምህርት ሚኒስትር ነበረ። በ1937 ነባሩን የግሪክ ትምህርት ሥርዓት ሽሮ የማስተማሪያው ቋንቋ ኢጣልያንኛ እንዲሆን አዘዘ። ትምህርትን የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ የሕዝብን ልብ ለመለወጥ ከየት መጀመር እንደሚገባ ያውቅ ነበር።

የዚያን ጊዜ ልጆች ሸምግለው እንደ ተረኩት፥ ቄሶችና መምህራን ልጆችን የሃይማኖት ትምህርት እናስተምራለን በሚል ሰበብ እየሰበሰቡ በቤተ ክርስቲያንና በግል ቤት የግሪክን ፊደል ያስጠኗቸው ነበር። በዚያው በ1937 የካቲት ወር በአዲስ አበባ ፋሺስቶች ሕዝቡን ሲፈጁ የተማሩ ወጣቶችን እየፈለጉ መግደላቸውን የምሥራቅ አፍሪካ መምህር ያውቃል። በሁለቱም አገር ገዥው አስቀድሞ የፈራው ፊደል የቈጠረውን ሰው ነበር።

የሮዶስ አይሁድ መከራ ከሁሉ የከፋ ሆነ። በ1938 በወጣው የዘር ሕግ ምክንያት የረቢዎች ኮሌጃቸው ተዘጋ። በመስከረም 1943 ጀርመኖች ደሴቲቱን ያዙ፤ በሐምሌ 1944 ወደ 1700 የሚሆኑ አይሁድ በመርከብ ተጭነው ወደ አውሽቪትስ ተወሰዱ። ከሞት ተርፈው የተገኙት 150 ያህል ብቻ ናቸው። በዚያን ጊዜ የቱርክ ቆንሲል የነበረው ሰላሃቲን ኡልኩመን፥ ከቱርክ ዜግነት ጋር ግንኙነት ያላቸውን ተከራክሮ አርባ ያህል ሰዎችን አዳነ። ዛሬ በአሮጌው ከተማ የሰማዕታቱ አደባባይ የሚባል ስፍራ አለ። ጎብኚዎች በዙሪያው ቡና ይጠጣሉ፤ የመታሰቢያውን ድንጋይ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። መምህር ግን ማንበብ ይገባዋል፤ ለልጆቹ የሚነግረው የባሕሩን ውበት ብቻ ከሆነ ግማሹን ደብቋልና።

የካቲት 10 ቀን 1947 በፓሪስ የሰላም ውል ተፈረመ። በዚህ ውል ኢጣልያ ዶዴካኒስን ለግሪክ ለቀቀች፤ በዚሁ ውል የአፍሪካ ግዛቶቿን ተወች፥ የኢትዮጵያንም ነጻነት ዐወቀች። ስለዚህ የሮዶስና የአፍሪካ ቀንድ ጉዳይ በአንድ ሰነድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የካቲት 28 ቀን በእኛ አቆጣጠር በሚውልበት በመጋቢት 7 ቀን 1948 ዶዴካኒስ በሥርዓት ከግሪክ ጋር ተዋሐደ፤ ቀኑም በየዓመቱ ይከበራል። በየጓዳው ሲጠና የነበረው ፊደልም በይፋ ወደ ክፍል ተመለሰ።

በሐምሌ 2023 በሮዶስ ታላቅ የደን ቃጠሎ ተነሥቶ 19000 ያህል ሰዎች፥ አብዛኞቹ ጎብኚዎች፥ ከያሉበት እንዲወጡ ተደረገ። ለተፈናቀሉት መጠለያ ከሆኑት ስፍራዎች መካከል የደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች ይገኙባቸዋል። ለዕረፍት የመጣው እንግዳ ምናልባት ትምህርት ቤቶቹን ያየው በዚያ ሌሊት ብቻ ይሆናል።

ከተማዋ ዛሬም መምህራንን ታሠለጥናለች። በ1984 የተቋቋመው የኤጌያን ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ደረጃና የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎች የሚማሩባቸውን ክፍሎች ያኖረው በሮዶስ ነው። እንግዲህ ወደ ሮዶስ የሚሄድ መምህር በፀሐይዋ ይሙቅ፤ በባሕሯ ይታጠብ፤ በሊንዶስ ዐለት ላይ ቆሞ ይደነቅ። ሲመለስም ለልጆቹ ሁለቱንም ይንገራቸው፤ ስድሳ ዓመት ሳይሞላው ስለ ወደቀው ሐውልትና፥ ከኤስኪኔስ ዘመን ጀምሮ በየጊዜው እየተዘጋ ስለ ተከፈተው ትምህርት ቤት።